«ገባችሁ?» ማለትን ከተውኩ በኋላ

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸውን አንድ አንጋፋ ባልደረባዬን ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠው ትምህርቴን እንዲመለከቱልኝ ጠየቅኋቸው። የዕለቱ ትምህርት የሁለት ቁጥሮችን ድምር በራሱ ማባዛት ነበር። ሰሌዳውን በሁለት ቀለም ጠመኔ በሥርዓት ሞላሁት፤ ተማሪዎቹም ጸጥ ብለው ገለበጡ። ደወሉ እንደተደወለ ደስ ብሎኝ ወደ እሳቸው ስሄድ ማስታወሻቸውን ገለጥ አድርገው በእርሳስ የተሰመሩ ጭረቶች አሳዩኝ።

«ዛሬ ስንት ጊዜ ‹ገባችሁ?› እንዳልሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«19 ጊዜ። 19 ጊዜም ‹አዎ!› ብለውሻል። በይ እንግዲህ ነገ ጠዋት አንድ ጥያቄ ብቻ በቁራጭ ወረቀት አሠሪያቸው። ስም አይጻፉበት።»

በማግስቱ (ሀ + 3)² ተዘርዝሮ ሲጻፍ ምን እንደሚሆን ጠየቅኋቸው። ከ58 ተማሪዎች ከ40 የሚበልጡት ሀ² + 9 ብለው ጽፈው ነበር። ትክክለኛው ሀ² + 6ሀ + 9 ነው፤ በሀ ቦታ 1 ቢተኩ ኖሮ የመጀመሪያው 16፣ የእነሱ መልስ ግን 10 እንደሚሆን በራሳቸው ባዩት ነበር። ወረቀቶቹን በመምህራን ማረፊያው ጠረጴዛ ላይ በሁለት ክምር ለይቼ አንዱ ክምር የሌላውን ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ሳየው የተሰማኝን ሐዘን አልረሳውም። ያዘንኩት በልጆቹ አይደለም። 40 ደቂቃ ሙሉ አብረን ተቀምጠን ስለ እነሱ አንዳች ነገር ሳላውቅ መውጣቴ ነው ያሳዘነኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ማስተማር ያነበብኩትና በክፍሌ የሞከርኩት ሁሉ በአንድ ነገር ዙሪያ የሚዞር ሆኖብኛል። መምህር ወደሚቀጥለው ትምህርት ከመሻገሩ በፊት ያስተማረው ነገር በተማሪው አእምሮ ውስጥ ምን መልክ ይዞ እንደተቀመጠ ማየት አለበት። «ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ ይህንን አያሳይም። ጥያቄው የሚጠይቀው ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለ ተማሪው ስሜት ነው፤ ተማሪው ደግሞ አለመረዳቱን ራሱ ላያውቀው ይችላል። ሀ² + 9 ብለው የጻፉት ልጆች «አዎ» ሲሉ አልዋሹኝም። እውነትም የገባቸው መስሏቸው ነበር። የተጠራጠረው ልጅ ቢኖር እንኳ 57 ጓደኞቹ ባሉበት «አልገባኝም» ብሎ እጁን ማውጣት በእኛ አስተዳደግ ቀላል አይደለም፤ ታላቅን እንደ መጋፋት፣ የሌላውን ሰዓት እንደ መውሰድ፣ ራስንም እንደ ማዋረድ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ድምፅ ሆነው «አዎ» ይላሉ፣ መምህሩም ሰሌዳውን አጥፍቶ ይቀጥላል።

እኔ ራሴ የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍል ውስጥ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ሲተከሉ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይመጣልን ነበር። ሥዕሎቹና ሙከራዎቹ ድንቅ ነበሩ፤ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነበር፣ ያንን አልክድም። ነገር ግን አስተማሪው ከመስታወቱ ውስጥ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ጊዜ ሰጥቶ መልሱን ራሱ ይናገራል፤ እኛ ደብተራችን ላይ ምን እንደጻፍን፣ ከነጭራሹ ጽፈን እንደሆነም የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። አንዱ ምዕራፍ ሳይገባን ሌላው ይጀመራል። በኋላ መምህር ሆኜ 19 ጊዜ «ገባችሁ?» ስል፣ በአካል ክፍሉ ውስጥ ቆሜም ቢሆን ከዚያ ቴሌቪዥን የተለየ ነገር እያደረግኩ አልነበረም።

ታዲያ በ«ገባችሁ?» ቦታ ምን ይግባ? እኔ ያገኘሁት መልስ አጭር ነው፤ ትክክለኛ ጥያቄ። ችግሩ ትክክለኛ ጥያቄ ማዘጋጀት ከጠቅላላው የትምህርት ዕቅድ የበለጠ ጊዜ መውሰዱ ነው። ጥሩ ጥያቄ የምለው ትክክለኛ መልስ የሚገኝለትን ሳይሆን፣ የተሳሳተው መልስ የስህተቱን ምክንያት የሚነግረኝን ነው። ለምሳሌ አስርዮሽ ቁጥሮችን ማወዳደር ስናስተምር ብዙ ተማሪዎች ከነጥቡ በስተቀኝ ያለውን ልክ እንደ ሙሉ ቁጥር ያነቡታል። እንዲህ ያለውን ተማሪ «ከ0.45 እና ከ0.3 የትኛው ይበልጣል?» ብለን ብንጠይቀው 45 ከ3 ስለሚበልጥ ብቻ 0.45 ብሎ በትክክል ይመልሳል፣ እኛም አረጋግጠን እናልፋለን። «ከ0.35 እና ከ0.4 የትኛው ይበልጣል?» ብንለው ግን 0.35 ይላል፤ የተደበቀው ሐሳብ በአንዴ ይወጣል። ሁለቱ ጥያቄዎች በመጽሐፍ ላይ ሲታዩ እኩል ይመስላሉ፤ በሥራቸው ግን አንደኛው ስህተቱን ይሸፍናል፣ ሁለተኛው ይገልጠዋል። ለዓመታት የመጀመሪያውን ዓይነት ስጠይቅ ኖሬያለሁ።

ሌላም ልጨምር። ½ እና ⅓ ሲደመሩ ⅖ የሚል ተማሪ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሯል። ደንቡን እንደገና ከመንገር ይልቅ «⅖ ከግማሽ ያንሳል ወይስ ይበልጣል?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ግማሽ ዳቦ የያዘ ሰው ሌላ ቁራሽ ተጨምሮለት ከግማሽ በታች ሊኖረው አይችልም፤ ልጁ ይህንን ሲያይ ስህተቱን ራሱ ይጥለዋል። ፐርሰንት ስናስተምር ደግሞ 1,000 ብር የነበረ ጫማ በ20 በመቶ ከጨመረ በኋላ በ20 በመቶ ቢቀንስ ስንት እንደሚሆን እጠይቃለሁ። አብዛኛው ክፍል «1,000 ብር» ይላል፤ ፒያሳ ላይ ጫማ ገዝቶ የማያውቅ ልጅ ስለሌለ ክርክሩ ይሞቃል። 960 ብር እንደሆነ የደረሰበት ተማሪ ሁለተኛው 20 በመቶ የሚወሰደው ከ1,200 ላይ መሆኑን ለጓደኛው ሲያስረዳ እኔ ከምገልጸው ይበልጥ ያስረዳዋል።

የ58 ልጆችን መልስ በአንድ ጊዜ ማየት እንዴት ይቻላል የሚል መምህር ይኖራል፤ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ያደጉት አገሮች መምህራን ትንንሽ ነጭ ሰሌዳዎች ያድላሉ፤ እኛ ጣት አለን። አራት አማራጮችን በሰሌዳ ላይ እጽፍና ልጆቹ ያሰቡትን ቁጥር በጣቶቻቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው እንዲያሳዩኝ አደርጋለሁ። ደረት ላይ መሆኑ ኩረጃን ለመከላከል ነው፤ እጅ ወደ ላይ ከወጣ ሁሉም የጎበዙን ልጅ ጣት አይቶ ይቆጥራል። 10 ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የክፍሉን ሁኔታ አያለሁ። አብዛኛው ትክክል ከሆነ እቀጥላለሁ፤ ግማሹ ሁለተኛውን ምርጫ ካሳየ ምን እንደተሳሳቱ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ሁለተኛውን ምርጫ ያዘጋጀሁት ያንን ስህተት አስቤ ነው። ዘርዝሮ መጻፍ ለሚጠይቀው ጥያቄ ደግሞ ሩብ ወረቀት በቂ ነው፤ ከክፍል ሲወጡ በር ላይ እሰበስባለሁ።

ከጥያቄው ቀጥሎ ከባዱ ነገር ዝም ማለት ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የብዙ መምህራንን ትምህርት በድምፅ ቀድተው ሲያጠኑ፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ ለአንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ መሆኑን አገኙ። ጊዜው ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ከወትሮው የማይናገሩ ልጆች መናገር ጀመሩ፣ መልስ አጥቶ ዝም ማለትም ቀነሰ። ይህንን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ትምህርት በስልኬ ቀድቼ አዳመጥኩ። ጥያቄዬ ገና ሳያልቅ ከፊት ረድፍ ያሉ አራት ልጆች ይመልሳሉ፣ እኔም «ጎበዝ!» ብዬ እሄዳለሁ፤ ክፍሉ በሙሉ በእነዚህ አራት ልጆች ፍጥነት ይጓዝ ነበር። አሁን ቅደም ተከተሉን ቀይሬዋለሁ። መጀመሪያ ጥያቄው፣ ቀጥሎ ዝምታው፣ በመጨረሻ የተማሪው ስም። ስሙ ቀድሞ ከተጠራ የቀሩት 57 ልጆች ማሰብ ያቆማሉ። ሦስት ሰከንድ በክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደሚረዝም ያልሞከረው አያውቀውም። እኔ በልቤ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» እያልኩ ነው የለመድኩት።

ስሙ የተጠራው ልጅ «አላውቅም» ሲልስ? ብዙዎቻችን ወደ ሌላ ተማሪ እንዞራለን፣ ልጁም «አላውቅም» ማለት ከሥራ ነፃ እንደሚያወጣ ይማራል። አንዳንዱ መምህር ደግሞ ቆሞ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ይህ ልጁን ከሒሳብ ያስጠላዋል እንጂ አያስተምረውም። እኔ የማደርገው መልሱን ከሌላ ተማሪ ሰምቼ ወደ መጀመሪያው ልጅ መመለስ ነው፤ «አሁን አንቺ በራስሽ አነጋገር ድገሚልኝ፣ ለምንስ እንደሆነ ንገሪኝ» እላለሁ። ከኋላ ረድፍ ግድግዳ ጥግ የምትቀመጥ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት ተማሪ በዚህ መንገድ ነው መናገር የጀመረችው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሌላውን መልስ ብቻ ትደግም ነበር፤ በኋላ «ቲቸር፣ እኔ ግን በሌላ መንገድ ነው የሠራሁት» አለች።

የክፍለ ጊዜውን መጀመሪያም ለወጥኩ። ድሮ «ባለፈው ምን ተማርን?» ብዬ እጠይቅና አንድ ልጅ ርዕሱን ይነግረኝ ነበር። አሁን ሰሌዳው ላይ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ይጠብቋቸዋል፤ አንዱ ከትናንት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ካለፈው ወር። ደብተር ሳይገለጥ ነው የሚሠሩት። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 (እ.ኤ.አ.) ትርጉም የሌላቸው ቃላትን ራሱ እያጠና፣ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ምን ያህል በፍጥነት እንደሚረሳ አሳይቶ ነበር። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችን፣ አንብበው ከዚያ ሳያዩ ያስታወሱትን ከጻፉት ጋር አወዳደሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ከአእምሯቸው አውጥተው የጻፉት በለጡ። እኔን ያስገረመኝ የመጀመሪያው ውጤት ነው። ለፈተና ዋዜማ ደብተር ደጋግሞ የሚያነብ ልጅ የገባው የሚመስለው ለምን እንደሆነ ይናገራል፤ ያኔ ቢጠየቅ ይመልስ ነበርና።

በዚህ አሠራር ላይ ያልጠበቅኩት እንቅፋት ገጥሞኛል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከአካባቢው ወደ ከተማዋ ዳር የሄዱ ቤተሰቦች ልጆች አንዳንዶቹ ትምህርት ቤታቸውን ሳይለቁ ከሩቅ ይመላለሳሉ። ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡ ልጆች የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ መግቢያ በተደጋጋሚ ያጡታል። ከሁሉ ይበልጥ ክለሳው የሚያስፈልጋቸው ደግሞ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ጠዋት አንደኛ ክፍለ ጊዜ ባለኝ ሴክሽን ሦስቱን ጥያቄዎች ከመጀመሪያው አንስቼ ወደ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ወስጃቸዋለሁ። መርሁ አልተለወጠም፤ ሰዓቱ ግን ለልጆቹ መንገድ ተገዝቷል።

አሁን መምህራን የምንከራከርበት ጉዳይ ላይ ልድረስ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ «ተማሪ ተኮር» የሚለው ቃል በየስብሰባው ይነገራል። ሐሳቡን ከልቤ እቀበለዋለሁ። ነገር ግን በአፈጻጸሙ ብዙ ጊዜ ወደ ወንበር አደራደር ወርዷል። አንድ ጊዜ የክፍል ምልከታ ያደረገልኝ ሰው ተማሪዎቹ ፊት ለፊት ተያይተው ስላልተቀመጡ ብቻ «መምህር ተኮር» ብሎ ሞላልኝ፤ ልጆቹ በደብተራቸው ላይ ምን እየጻፉ እንደነበር አላየም። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀትም በብዙ ክፍሎች እንዳየሁት አንዱ ጎበዝ ሲሠራ አምስቱ የሚገለብጡበት ሆኖ ቀርቷል። የቡድን ሥራ የሚጠቅመው እያንዳንዱ ልጅ በመጀመሪያ ብቻውን አስቦ የሆነ ነገር ከጻፈ በኋላ ነው፤ ይህ ካልሆነ አይጠቅምም ብዬ አምናለሁ።

ማብራራትስ ኃጢአት ነውን? ባራክ ሮዘንሻይን የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ያሰፈረው አንድ ነገር ለእኛ ክፍል የተጻፈ ይመስለኛል። ውጤታማ የሆኑት የሒሳብ መምህራን ከ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ 23ቱን ደቂቃ ለገለጻ፣ ለጥያቄና ምሳሌ እየሠሩ ለማሳየት ሲያውሉ፣ ከሁሉ ያነሰ ውጤት ያላቸው መምህራን ግን 11 ደቂቃ ብቻ ያውሉ ነበር። ሁለተኛዎቹ ቶሎ ብለው መልመጃ ይሰጡና ልጆቹ ስህተትን ይለማመዳሉ። ልዩነቱ 23ቱ ደቂቃ ያለማቋረጥ የተነገረ ንግግር አለመሆኑ ነው፤ ትንሽ ይብራራል፣ ይጠየቃል፣ ይሞከራል፣ እንደገና ይብራራል። እኔም አሁን አንድ ምሳሌ ሙሉ በሙሉ እያንዳንዱን እርምጃ ለምን እንዳደረግኩ እየተናገርኩ እሠራለሁ፤ ሁለተኛውን የመጨረሻውን እርምጃ ትቼ እነሱ እንዲጨርሱት፣ ሦስተኛውን ግማሹን ትቼ፣ አራተኛውን ሙሉ በሙሉ ለእነሱ እተዋለሁ።

ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት አንድ ደቀ መዝሙር ስምንት ቤት (ስንኝ) ያለውን መወድስ የተባለ ቅኔ በመጀመሪያ ቀን አይጀምርም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም እየረዘመና እየከበደ ወደሚሄደው ይሻገራል። የኔታ «ገባህ ወይ?» ብለው አያልፉትም፤ ራሱ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ እሳቸውም የተሰበረውን ያቃናሉ። የትናንቱ ያልተስተካከለለት የዛሬውን ይዞ አይገፋም። ዘመናዊ ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በዚችው በከተማችን መሐል ሲጀመር ከአገር ቤቱ ትምህርት ብዙ ነገር ትተን መጥተናል፤ አለንጋውን መተዋችን መልካም ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የሠራውን በራሱ አንደበት ለመምህሩ የሚነግርበትን ሥርዓት ግን አብረን መጣላችን ያስቆጨኛል።

ስለ ቋንቋ ሳልናገር ባልፍ የከተማችንን ክፍሎች ትልቁን ችግር ዘልዬ መሄድ ይሆንብኛል። በአዲስ አበባ ተማሪዎች ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ብዙዎቹ የእንግሊዝኛውን ቃል ይጠሩታል፣ ሐሳቡ ግን አብሮት የለም። የቃል ጥያቄ ሲመጣ ልጁ የተሸነፈው በሒሳቡ ይሁን በቋንቋው ለማወቅ ይቸግራል። እኔ ለመለየት የማደርገው ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ መስጠት ነው። በአማርኛ ከሠራው ችግሩ ቋንቋ ነው፣ መፍትሔውም ሌላ ነው።

ግን አማርኛውም ራሱ ወጥመድ እንዳለው የተረዳሁት ኢንኢኳሊቲ (በ«ያንሳል» ወይም በ«ይበልጣል» ምልክት የሚጻፍ የሒሳብ ዓረፍተ ነገር) ሳስተምር ነው። በእንግሊዝኛው «አት ሊስት» የሚለውን ተማሪዎቹ ሲሰሙ «ያንሳል» የሚለውን ምልክት ያደርጋሉ፤ «ሌስ» ከሚለው ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ ነው ብዬ አሰብኩና «አት ሊስት ማለት ቢያንስ ማለት ነው» አልኳቸው። ስህተቱ ባሰበት። ቆም ብዬ ሳስበው «ቢያንስ» የሚለው ቃላችን ውስጥ ያለው ግሥ ራሱ «አነሰ» ነው፤ «ቢበዛ» በሚለው ውስጥ ያለውም «በዛ» ነው። ልጁ «ቢያንስ 15» ሲባል ማነስን፣ «ቢበዛ 15» ሲባል መብዛትን መስማቱ አይፈረድበትም። ከዚያ ወዲህ ምልክቱን ከቃሉ አላስጀምርም። «ክለቡ የሚከፈተው ቢያንስ 15 ተማሪ ሲመዘገብ ነው» እላለሁ፤ «14 ቢመዘገቡ ይከፈታል? 15 ቢሆኑስ? 40 ቢሆኑስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ታክሲ ላይ «ቢበዛ 12 ሰው» ከተባለም 11፣ 12 እና 13ን እንሞክራለን። የሚፈቀዱትን ቁጥሮች በመስመር ላይ ካስቀመጥን በኋላ ነው ምልክቱን የምንጽፈው። ይህንን ስህተት ለዓመታት «የትኩረት ማነስ» እያልኩ ለልጆቹ ስንፍና ስሰጠው ነበር፤ ሰነፍ አልነበሩም፣ የሰሙትን ቃል በትክክል ሰምተዋል።

የደብተር እርማትን በተመለከተ በአራት ሴክሽን ከ230 በላይ ተማሪዎች አሉኝ። ሁሉንም በየሳምንቱ ማረም አይቻልም፤ አርሜያለሁ ብዬ ምልክት ብቻ ባደርግበትም ለልጁ የሚነግረው ነገር የለም። ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ተማሪዎች በቀጣዩ ሥራቸው ሲሻሻሉ፣ ነጥብ ብቻ የተሰጣቸውም ሆኑ ነጥብና አስተያየት አብሮ የተሰጣቸው እንዳልተሻሻሉ አሳይተዋል። ነጥቡ ካለ ልጁ አስተያየቱን አያነበውም፤ «ከአሥር ስንት አገኘህ?» ተባብለው ደብተሩን ይዘጉታል። በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ሴክሽን 10 ደብተር እሰበስባለሁ፣ ነጥብ አልሰጥም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ በብዙዎቹ የተደጋገመውን ስህተት ደግሞ ስም ሳልጠራ ለሁሉም በሰሌዳ ላይ እንፈታዋለን። ተከታታይ ምዘና የሚባለው ነገር ይህ ይመስለኛል። በተግባር ግን አምስት ከመቶ፣ አሥር ከመቶ እየተባለ ነጥብ የሚጠራቀምበት ሠንጠረዥ አድርገነዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሆነው እንዲወስዱት ሲደረግ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚያን ሰሞን በመምህራን ማረፊያው ሁላችንም ስለ ፈተናው ክብደትና ስለ ኩረጃ ስንነጋገር ሰነበትን። እኔ ግን የማስበው ስለ ሠንጠረዦቻችን ነበር። እነዚያ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ለዓመታት ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወሩ የመዘገብነው ነጥብ በሙሉ «ገብቷቸዋል» የሚል ነበር፤ 19 ጊዜ እንደተባለው «አዎ»።

ነገ ሐሙስ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ወደ ኢንኢኳሊቲ እንደገና እንመለሳለን። ጥያቄዬን ዛሬ ማታ ጽፌያለሁ። «አንድ አዳራሽ ቢበዛ 200 ሰው ይይዛል። 137 ሰው ከገባ በኋላ ስንት ሰው ሊጨመር ይችላል?» የሚል ነው፤ የሚጨመሩትን ሰዎች «መ» ብለን ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች ትክክለኛውን ይመርጣሉ። የመጀመሪያው አማራጭ ትክክለኛው ነው፣ መ ≤ 63። ሁለተኛው ምልክቱን በ«ቢበዛ» የተሳሳቱትን ያወጣልኛል፣ መ ≥ 63። ሦስተኛው 137ን መቀነስ የረሱትን ያሳያል፣ መ ≤ 200። አራተኛው መ ≤ 337 ነው፤ ማንም የሚመርጠው አይመስለኝም፣ ማንም ካልመረጠው ደግሞ ምንም አይነግረኝም። በእሱ ቦታ መ < 63 ላድርገው እያልኩ ነው፤ ልክ 63 ሰው ሲጨመር አዳራሹ ሞልቶ አላለፈም የሚለውን ያልያዙት ስንት እንደሆኑ አላውቅምና።